የአለቃ ይትባረክ ባለአንድ ዓይኖች

አዲስ መጽሐፍ ሲገለጥ የሚወጣው የቀለም ሽታ ወዳደግሁባት ከተማ፣ ወደ ወረታ ይወስደኛል። በዚህ ክረምት የልጅ ልጄ በሥዕል የተተረኩ ሦስት መጻሕፍት አምጥታ ጭኔ ላይ ከመረችልኝ። አንደኛውን ገና ሳልጨርሰው ወደድኩት። ሁለተኛው ጥይትና ጩኸት ስለበዛበት ከመሃል ተውኩት። ሦስተኛው ግን ቸገረኝ። ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ሥዕሉም ያምራል፤ ደጉ ሰውዬ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በጎን ነው የተሣለው። ባለአንድ ዓይን! እንዴት ብዬ ልመነው? የልጅ ልጄ ሳቀችብኝ። አለቃ ይትባረክን ስለማታውቅ ነው።

አለቃ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥሉ ጎረቤታችን ነበሩ። ግቢያቸውን ከግቢያችን የሚለየው የቅንጭብ አጥር ብቻ ነው። ቁመታቸው ረጅም፣ ጢማቸው ላይ ሁልጊዜ ሰማያዊ ቀለም የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ክረምት ገብቶ የርብ ወንዝ ሲሞላና የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት ከቤት አይወጡም፤ አቡጀዴ ጨርቅ ወለሉ ላይ ዘርግተው ይሥላሉ፣ በበጋ ወስደው ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ማጣበቂያውን የሚያፈሉት ከቆዳ ስለነበር ሽታው ሰፈሩን ያዳርሰዋል። እናቴ ጎረቤት አይመረጥ እያለች በሯን ትዘጋለች፤ እኔ ግን ያንን ሽታ ተከትዬ እሄድ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ከአሥመራ ባሕር ዳር የሚመላለስ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። በመጣ ቁጥር ገጹ በሣጥን በሣጥን የተከፋፈለ፣ በጣሊያንኛ የተጻፈ የሥዕል መጽሔት ያመጣልኛል። ጣሊያንኛ የሚያነብ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ሥዕል ማንበብ የሚያውቅ ግን ስለነበር ይዤ ወደ አለቃ እሮጣለሁ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ አጠገባቸው አስቀምጠውኝ፣ ሣጥኑን በጣታቸው እየተከተሉ ይተርኩልኛል። ሁሉንም አይወዱትም ነበር። ፈረሱን ያደንቃሉ፤ ይህ ሰው ፈረስ ሲጋልብ ኖሯል ይላሉ። ከሰዎቹ አፍ እየወጣ የሚንሳፈፈው ጽሑፍ ግን ያበሽቃቸዋል። ሰው ሲናገር ከአፉ ጉም አይወጣም፣ ባይ ናቸው።

ትልቁ ክርክራችን በዓይን ጉዳይ ነበር። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ሰይጣን፣ አረመኔና ገራፊ በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። አለቃ በዚሁ ሕግ ሲያነቡ የመጽሔቱ ባለባርኔጣ ጀግና፣ በጎን ስለተሣለ፣ ሰይጣን ሆኖ ተገኘ። ደምሴ የአሥመራ ልጆች ታሪኩን ነግረውት ስለነበር፣ ሰውዬው መንደሩን ከሽፍታ የሚያድን ደግ ነው ብሎ ተከራከረ። አለቃ ግን መለሱለት፤

«ደግ ከሆነ ሁለተኛ ዓይኑን ከማን ይደብቃል?»

እኔ ከአለቃ ጎን ነበርኩ።

አንድ ክረምት ግን ጥይት የሌለበት መጽሔት መጣ። በአንዱ ገጽ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ሁለቱም በጎን። አለቃ ወደሚቀጥለው ገጽ አልገለጡም። ሁለቱም ክፉ ናቸው እንዴ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አይደሉም። እየተያዩ ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው። «የኛዎቹ ቅዱሳን ሁሉ እኛን ነው የሚያዩ። እርስ በርሳቸው ተያይተው አያውቁም።»

በማግሥቱም ያንኑ ገጽ አምጪ አሉኝ።

በዚያ ሰሞን ግራዝማች ፈንታ የተባሉ የቁሐር መንደር ባለከብት ለደብራቸው የእመቤታችንን ሥዕል አዘው ነበር። ሥዕል ያሠራ ሰው ከሥዕሉ እግር ሥር መሣሉ ልማድ ነው። ግራዝማች ደግሞ ባለፈው ዓመት የሞቱባቸው ባለቤታቸው፣ እመት ጥሩነሽ፣ አብረዋቸው እንዲሣሉ ለምነዋል። አለቃ እመቤታችንን እንደ ወጉ ሣሏት። ባልና ሚስቱን ግን በጎን፣ ፊት ለፊት፣ እየተያዩ አደረጓቸው። ሳየው አማረኝ፤ ፈራሁም።

ግራዝማች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ በጭቃ ሆነው መጡ። አቡጀዴው ላይ አጎንብሰው ሥዕሉን መረመሩ።

«አለቃ፣ ሁለተኛውን ዓይኔን የት አደረሱት?» አሉ በመጨረሻ። «የእኔስ ይሁን፣ የበደልሁት አይጠፋም። እሷ ምን ብትበድል ከኃጥኣን ቆጠሯት?»

ሥዕሉ እንዲህ ከተለጠፈ አገሩ ሁሉ እመት ጥሩነሽ ተኰነኑ ይላል። ሥራውን በአንበሳሜ ከተማ ለሚኖር ሌላ ሠዓሊ እንደሚሰጡ ተናገሩ። ይህ ከሆነ ደግሞ የሞተች ደግ ሴት ላይ የፈረደ ሠዓሊን የትኛውም ደብር ዳግመኛ አይጠራም፤ አለቃም ይህን ያውቁታል። መጽሔቱን ባላመጣሁት እያልኩ ጥግ ይዤ ቆምኩ።

አለቃ አልተከራከሩም። ዝናቡ እስኪያባራ ጠላ እየጠጡ ይቆዩልኝ ብለው ለመኑ። ሁለቱን ፊቶች በነጭ ቀለም ሸፈኑና እንደገና ጀመሩ። ዝናቡ አባርቶ ቀለሙ ሲደርቅ ግራዝማችን ጠሯቸው። አሁን ሁለቱም ፊታቸው ወደ እኛ ዞሯል፣ ዓይናቸውም ሙሉ ነው። ግራዝማች በጣታቸው ቆጠሩ፤ የእርሳቸው ሁለት፣ የባለቤታቸውም ሁለት። ጣታቸው እዚያ ላይ ቀረች። የእመት ጥሩነሽ ብሌኖች ወደ ዓይናቸው ጥግ፣ ወደ ባላቸው ሄደዋል። የግራዝማችም ወደ ሚስታቸው።

አለቃ ደነገጡ። ካልወደዱት ብሌኑን አቀናዋለሁ አሉ።

«ይተዉት» አሉ ግራዝማች። «ያን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር፣ በሰው ፊት ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም።»

አለቃ ይትባረክ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ግራዝማችም አርፈዋል። ሥዕሉ ግን ዛሬም አለ። በቁሐር ደብር ግድግዳ ላይ ያሉት ቅዱሳን ሁሉ የገባውን ሰው ያያሉ። ከእመቤታችን እግር ሥር ያሉት ሁለቱ ግን የገባውንም የወጣውንም አያዩም።