ጀልባ ማን ከለከለኝ

ዛሬ የንስሐ አባቴ በቀሚሳቸው ላይ ብርቱካናማ የዋና ጃኬት ደርበው ጀልባ ላይ ጉብ ብለው «ና እንጂ፣ ቦታ አለ» አሉኝ። (ጃኬቱ አልዘጋላቸውም። ጾሙ ገና መጀመሪያው ነው።)

ከገላን ኮንዶሚኒየም ከማኅበራችን ጋር በሚኒባስ ሄደን ነው፣ ሐይቅ ዳር ወዳለው ፓርክ። ሣሩ ሜዳ ላይ ሚዳቋና ሰጎን አይተን ስናበቃ ሁሉም ለጀልባ ተሰለፈ።

እኔ የለመድኩትን መለስኩ። «አባቴ፣ ጾም ነው። መዝናናቱ ይቅርብኝ።»

«ጾሙንማ እኔም ይዣለሁ። ጀልባ ማን ከለከለህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ እዚሁ ቦታ «አንዴ ብቻ በጀልባ እንዙር» ብላኝ ነበር። ያኔም ጾም ነው አልኳት። የእግዚአብሔር ነገር ስለመሰላት እሺ ብላ ዳር ተቀመጠች፤ ሌሎቹ ሲመለሱ እያየች።

እውነቱን ልናገር፦ እኔ ውሃ እፈራለሁ። ለሚስቴ ፈራሁ ማለት አፍሬ በጾም አሳበብኩ። ብነግራት ኖሮ ስቃብኝ ብቻዋን ትሄድ ነበር።

ዛሬም ጀልባው ጥሎኝ ሄደ። አባ ሲመለሱ ለብቻ ወስጄ ይህንኑ ነገርኳቸው። ጃኬቱን እያወለቁ ሰሙኝና «ይሄን ለእሷ ነበር መንገር» አሉኝ።

 ስንመለስ እስከ ገላን ድረስ በመስኮት ሳይ መጣሁ።

እናንተስ፣ የራሳችሁን ፍርሃት በእግዚአብሔር አሳብባችሁ ያስቀራችሁት ሰው አለ? እስኪ ጻፉልኝ። ሰውዬው በሕይወት ካለ ግን ከእኔ በፊት ለእሱ ንገሩት።