አማቴ ድንጋይ ሲመርጡ

ዛሬ አማቴ ከጅጋ ቡሬ ድረስ ሊጠይቁን ሲመጡ፣ አውራ ጣቴን በፕላስተር ጠቅልዬ ግቢ ውስጥ ባልጩት ስፈልጥ ደረሱብኝ።

«ልጄን የሰጠሁት ለድንጋይ ፈላጭ ነው?»

እንደ ጥንት ሰዎች የድንጋይ ምላጭ መሥራት እየተማርኩ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ሁለት ወር ሙሉ ቪዲዮ አይቼ ያተረፍኩት ፍርስራሽ ብቻ መሆኑን ደግሞ ሚስቴ ጨመረችላቸው። (እግዜር ይስጣት!)

አማቴ ቁጭ አሉና፣ ገበያ ላይ እንስራ እንደሚመርጡት፣ ድንጋዮቼን አንድ በአንድ በጣታቸው እያንኳኩ አዳመጡ።

«ይኼ ስንጥቅ ነው። ይኼም። ይኼ ግን ድምፁ ደህና ነው፤ በል ምታው።»

መታሁት። ስስ፣ ስለታም ምላጭ ወጣልኝ!

የነጠላቸውን ትርፍ ክር ቆረጡበትና በመቀነታቸው ቋጠሩት። «ለጎረቤት ላሳየው፤ አማቼ የሠራልኝ ነው ብዬ።»

የእናንተስ አማት ምን አስተማሯችሁ?