ቀይ የተቀባው ባትሪ

በደርግ ዘመን ጅማ ከተማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮ እጠግን ነበር። ጎበዝ ነበርኩ፤ ጉብዝናዬንም ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ የምፈልግ ጉረኛ። አንድ ጠዋት አንድ ካድሬ በላንድሮቨር መጥቶ "ጓድ፣ ዕቃህን ይዘህ ውጣ" አለኝ። ወዴት ብሎ መጠየቅ ያኔ የተለመደ አልነበረም። የሰቃን ከተማ እስክናልፍ ድረስ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ሳስብ ቆየሁ።

የቆምነው ቡና መሃል ባለች ትንሽ ከተማ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ነው። ጣሪያው ላይ በፀሐይ የሚሠራ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ባትሪ ይሞላል፤ ኢንቨርተር የሚሉት ሳጥን ደግሞ የባትሪውን ኃይል ለውጦ የክትባቱን ፍሪጅ ያሠራል። ከትናንት ጀምሮ ሳጥኑ ዝም ብሏል። በረንዳው ላይ ጢማቸው የሸበተ ሰው፣ መርፌ የሚወጉትና ቁስል የሚያክሙት የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ጠመንጃ ከያዘ ሚሊሺያ አጠገብ ተቀምጠዋል።

ካድሬው በአገጩ እያመለከታቸው፣ "ብልሽት ነው ወይስ አሻጥር? የምትነግረኝ ይህን ነው። አሻጥር ከሆነ ሰውየው ዛሬ ከእኔ ጋር ጅማ ይገባል" አለኝ። በዚያ ዓይነት ታስሮ ጅማ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ ደፍሮ የሚጠይቅ አልነበረም።

ምን እንደተፈጠረ ድሬሰሩን ጠየቅኳቸው።

"ለአብዮት በዓል ብረት የሆነ ሁሉ ቀይ ይቀባ ተባልን" አሉ። "ወላሂ፣ የአልጋውን እግር ሳይቀር ነው የቀባነው። የባትሪውንም ሽቦ ፈትቼ ጫፎቹን ቀባሁ፤ ሲደርቅ መልሼ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ አልነሳም አለ።"

ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ወደ ካድሬው ወርወር አድርገው ቶሎ መለሱት። ትእዛዙ የማን እንደነበር መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ወደ ባትሪው ሄድኩ። ቀለሙ ከመወፈሩ የተነሳ የፕላስና የማይነስ ምልክቱ አይታይም፤ ሁለቱም ጫፎች አንድ ዓይነት ቀይ ናቸው። የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ የቴስተሬን፣ ቀይ ጫፍ በቀዩ ሽቦ፣ ጥቁሩን በጥቁሩ ላይ ሳሳርፍ መርፌው ወደ ኋላ ሸሸ። ሽቦው ተገልብጦ ታስሯል ማለት ነው። ሽቦዎቹን ከባትሪው ፈትቼ ሳጥኑን ስከፍተው ውስጡ ያለው ፊውዝ ጠቁሯል። እሱ ባይቃጠል ኖሮ ሳጥኑ ራሱ ይነድ ነበር። ፊውዙን በቡታጋዝ ባጋልኩት የብየዳ ብረት አውልቄ ከዕቃ መያዣዬ ባወጣሁት ሌላ ተካሁት። ከዚያ የባትሪውን ጫፎች በቢላ ፍቄ፣ ምልክቱን አይቼ፣ ሽቦዎቹን በየቦታቸው አጥብቄ አሰርኩ። ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ። ደስ አለኝ፤ ደረቴን ነፋሁ።

"ምን ሆኖ ነው?" አለ ካድሬው።

"ሽቦው ተገልብጦ ፊውዙ ተቃጥሎ ነው።"

"በራሱ ሊገለበጥ ይችላል?"

ሙያዬን የናቀብኝ መሰለኝ። "ሽቦ በራሱ አይገለበጥም፣ ጓድ። የሰው እጅ ይፈልጋል" አልኩ።

ካድሬው ደብተሩን አውጥቶ ያቺን የመጨረሻ ቃሌን ብቻ ጻፈ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ ሳይ ነው። 

"ቀለሙ እኮ ነው፤ ምልክቱን ሸፍኖት…" ብዬ ጀመርኩ።

መጻፉን ትቶ ቀና አለ። "ቀለሙ ምን ሆነ?" አለኝ በዝግታ።

ፈራሁ። ዛሬም ሌላ ስም አልሰጠውም፤ ፈራሁ። "ምንም" አልኩ። ደብተሩን አዞረልኝና ፈረምኩበት።

መመለሻችን በዚያው ላንድሮቨር ነበር። ድሬሰሩን ከኋላ ከእኔ ጎን አስቀመጧቸው። ምን እንዳልኩ አልሰሙም፤ ምን እንደፈረምኩም አላወቁም። መኪናው ሲነሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ተነሳ እንዴ?" አሉኝ።

"ተነስቷል" አልኳቸው።

"አልሃምዱሊላህ። ነገ እናቶች ልጆቻቸውን ለክትባት ያመጣሉ። ገላቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ፤ ተባረክ።"

ጉልበታችን እየተነካካ መንገዱን ሁሉ ሄድን። ቦሳ ኪቶ ስንደርስ ካድሬው እጄን ጨብጦ አወረደኝ። እሳቸው አልወረዱም።