አብዮት ጋሪ

ዛሬ ጠዋት በሥራ ባልደረባዬ በሌሊሳ ፕሮጀክት ላይ ኮዱን የሚፈትሸው ቴስት ሁሉ አረንጓዴ፣ አለፈ፤ የእኔ ላይ ቀይ በቀይ፣ ወደቀ!

በጃቫ ለምንጽፋቸው ፕሮግራሞች የቴስት ፋይሎቹን አንድ ቦታ አስቀምጠን ነው የምንጋራው። ሌሊሳ ሆዬ ለራሱ እንዲመቸው ከጋራው ፋይል አንዷን ቃል ቀይሯታል፤ የእኔ ኮድ ደግሞ የሚጠብቀው የድሮዋን ነው።

ነቀምት ቤታችን ቁጭ ብዬ ስነጫነጭ አባዬ ሰማኝና ሳቀ። "ይሄማ የእኛው ካርቶን ነው!"

በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሲያስተምር፣ እዚሁ ነቀምት አካባቢ ያሉት የኡኬና የአንገር ጉቲን መምህራን የንባብ ፈተና የሚፈትኑት እየተቀባበሉ በአንድ ካርቶን ነበር። የኡኬው መምህር ለኦሮምኛ ተናጋሪ ተማሪዎቹ ብሎ በኦሮምኛ "አብዮት ጋሪ" ጻፈበት። "ጥሩ አብዮት" ማለቱ ነው።

ካርቶኑ አንገር ጉቲን፣ አባዬ ክፍል ደረሰ። ከወሎ የመጡ አንድ ሰፋሪ ሽማግሌ ፈተናውን ሊያይ በመጣው ካድሬ ፊት ቆመው በአማርኛ አነበቡት። ትንሽ አሰብ አደረጉና፦

"ፈረሱስ የታል?"

የካድሬው ፊት ጠቆረ።

አባዬ ላብ እያጠመቀው "ፈረሱማ ሰፊው ሕዝብ ነው!" አለ።

ካድሬው አጨበጨበ። 😂

ለሌሊሳ ደውዬ ነገርኩት። ስቆ ስቆ "ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው!" አለኝ። ፋይሉን ግን እስካሁን ወደነበረበት አልመለሰውም።

እናንተስ? የጋራውን ለራሱ አስተካክሎ ጋሪውን እናንተን የሚያስጎትት ባልደረባ አላችሁ?