የሚያነክስ ምት

በዚያች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከሰው ሁሉ በላይ የሚከበረው ከአልጋው ራስጌ ያለው ሶኬት ነበር። ወንድምየው ማንም እንዳይነቅለው በፕላስተር ጠፍንጎታል። ከሶኬቱ የሚወጣው ሽቦ የሚያልቀው አንድ ያረጀ ግራጫ ሳጥን ላይ ነው፤ ሳምፕለር ይለዋል። ከካሴት ይሁን ከሌላ ድምፅ ይቀዳል፤ የቀዳውን ቆራርጦ በላስቲክ ቁልፎቹ ላይ ይደለድላል፤ ከዚያ ወዲያ በጣት እየመቱ ሙዚቃ መሥራት ነው።

እህትየው ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ስትሞት ደብተሯን አስቀምጣ የእናቷን ባለ መርገጫ የስፌት መኪና ያዘች፤ ወንድሟንም በዚያው መኪና አሳደገችው። አድጎ ጎሚስታ ሆነ። ቀን ጎማ ይለጥፋል፣ ሲመሽ ሳጥኑን ይደበድባል። ሰፈሩም «ዱብዱብ» ብሎ ስም አወጣለት።

«ለመሆኑ ዘፋኙ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችው አንድ ሰሞን፣ ያንኑ ምት ሰምታ ሰምታ ሲሰለቻት።

«ዘፋኝ የለውም፣ እህትዓለም። ቢት ብቻ ነው።»

«ሙሽራ የሌለው ሰርግ በለኛ!»

«ሙሽራዋን የሚሰማው ሰው ያምጣ።»

«እኔ ይኸው እየሰማሁ አይደል? ታዲያ ምን አመጣሁ? ራስ ምታት!»

የሳጥኑ አመል ክፉ ነበር። ዲስክ የሚጎርስበት አፉ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ስለዚህ የተሠራው ሁሉ በውስጡ የሚኖረው መብራት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ከጠፋ ጠፋ። የሚያድነው ካሴት ላይ መቅዳት ነበር፤ ወንድምየው ግን እዚያ ላይ ግትር ነው። «ሳያልቅ አልቀዳም። ከተቀዳ በኋላ አይታረምም» ይላል። ሳጥኑን ለቀናት ሳያጠፋ ያቆየዋል፤ ጠዋት ከሥራ በፊት በትኩስ ጆሮ ሰምቶ አንዲት ነገር ነካ ያደርግና ይሄዳል። ካውያና ሳጥኑ አንድ ላይ ከተሰኩ የቤቱ መብራት ስለማይችላቸው፣ እሷ ልብስ የምትተኩሰው ጎረቤት ሄዳ ነው። ድሮ ትነጫነጭ ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች። ሰው ስንቱን ይለምዳል።

የሰሞኑ ቢት ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። አንዲት የዳንስ አሰልጣኝ የሞተሯን ጎማ ልታስለጥፍ መጥታ ሲያፏጨው ሰማችና «የማን ነው?» አለችው። የራሱ መሆኑን ሲነግራት፣ «ለመድረክ ምት እየፈለግኩ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤትህ መጥቼ ልስማው። ከዚያ ካለፈ የሌላ ሰው እይዛለሁ» ብላው ሄደች። ከዚያች ክፍል ውጭ ሥራውን ሰው ሲጠይቀው ይህ የመጀመሪያው ነው። ዕድሜው ከሠላሳ አልፏል። «ይሄም ካልሆነ ሳጥኑን እሸጠዋለሁ፤ አንቺም ታርፊያለሽ» ብሏታል። ስቆ ነበር የተናገረው፤ እሷ ግን የወንድሟን ሳቅ ታውቀዋለች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሙሽራ እናት ሳይጠበቁ ከች አሉ። የልጃቸው ቀሚስ ተሰፍቶ አልቋል፣ አልተተኮሰም።

«እዚሁ ቆሜ ሳላስተኩስ አልሄድም!»

«ትንሽ ይታገሱኝ፣ ጎረቤት ደርሼ ልምጣ።»

የጎረቤት በር ተቆልፏል። ስትመለስ ሴትየዋ በቁጣ እግራቸውን መሬት ላይ ይመታሉ። በሩ አጠገብ ያለውን ሁለተኛ ሶኬት አየችው። ለእጅጌው ብቻ፣ አለች በሆዷ። ካውያውን ሰካችው። ወዲያው ብሬከሩ «ቀጭ» ብሎ ወረደ፤ ሳጥኑ ላይ ያለችው ቀይ መብራትም ጠፋች።

«ከሰዓት እመለሳለሁ፤ ያኔ ካልደረሰ ወዮልሽ!» ብለው ሴትየዋ ሄዱ። እሷ ግን አልሰማቻቸውም፤ ካውያውን ነቅላ አስቀመጠች፣ ወንድሟ እስኪመጣም መልሳ አልነካችውም።

ወንድሟ ለምሳ ሲገባ አልደበቀችውም። «እኔ ነኝ። ካውያ ሰካሁ» አለችው። ሳጥኑን አየ፣ እሷን አየ፤ የጎማ ጥቁረት በያዘው እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«ጩህብኝ እንጂ!»

«ብጮህ ይመለሳል?»

ይህ ከጩኸት ባሰባት።

ምሳውን ሳይነካ ብሬከሩን መልሶ ሥራ ጀመረ። ድምፆቹ የተወሰዱበት ካሴት አለ፤ መዶሻ ጎማ ላይ ሲያርፍ፣ የእሷ የስፌት መኪና ሲንቀጫቀጭ። ሁለቱን መልሶ አስገባ። በጥድፊያ እንዳይሳሳት ብሎም ምት የሚያስተካክለውን ቁልፍ ተጫነ፤ ጣት ቢዘገይም ቢፈጥንም ሳጥኑ ራሱ ልክ ያስገባዋል። ሠርቶ ሲጨርስ አጫወተው።

እሷ ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ አይደለም።»

«እሱው ነው! መዶሻውም ያው፣ መኪናውም ያው።»

«ይሄ እንደ ወታደር ይራመዳል። የፊተኛው ያነክስ ነበር።»

«የቱ ጋ?»

ሄዳ መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና ጨርቅ ሳታስገባ መርገጥ ጀመረች። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል፤ እግሯ ሲወርድ ይፈጥናል፣ ሲመለስ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ቸክ፣ ቸክ... ቸክ። ወንድምየው ትክ ብሎ እግሯን አየ። ያደገው በዚህ ድምፅ ነው፤ ጣቱ ሳያውቀው ሲከተል የኖረው ይህንን ነው።

ማስተካከያውን አጠፋው። «እንዳታቆሚ!»

«ጉልበቴን ልትጨርሰው ነው እንዴ?»

«እኔ አሽልሻለሁ፤ ብቻ ርገጪ!»

እሷ ረገጠች፣ እሱ መታ። አሰልጣኟ ሄልሜቷን እንደያዘች በሩ ላይ ስትቆም ማንም ልብ አላላትም። ቆይታ አንድ እግሯን ጎተት አድርጋ ወደ ጎን ተራመደች፤ ደግማም ተራመደች።

«እዚህች የምትዘገየዋ ላይ ነው ዳንሰኞቼን እግር የማስጎትታቸው» አለች። «ቅዳልኝ።»

እጁ ወደ ካሴቱ ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። «ገና እኮ...» ብሎ ጀመረና እህቱን አያት። ላብ አጥምቋታል፣ እግሯን ግን አላቆመችም። የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነ።

አሰልጣኟ ካሴቱን ጃኬቷ ውስጥ ከትታ ሄደች። እህትየው ጉልበቷን እያሻሸች ስትነሣ የሙሽራዋ እናት ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ተሰማ። ካውያዋን ይዛ ወደ ጎረቤት ልትወጣ ስትል ወንድሟ ከአልጋው ራስጌ ጎንበስ ብሎ ፕላስተሩን ላጠው። የሳጥኑን ሽቦ ነቀለው።

«ምን ነካህ? ሳያልቅ?»

«አልቋል» አላትና እጁን ዘረጋ። «አምጪው፣ ልሰካልሽ።»