የአክስቴ አውራ ጣት

አክስቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳሙና ሠርታለች። ሰፈርተኛው «እትዬ ሳሙና» ሲላት አቤት ትላለች። ጓሮ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ዘይቱን ከሶዳው ጋር ታማስላለች፣ ሳጥን ውስጥ ገልብጣ ታረጋዋለች፣ ከዚያ ትቆርጠዋለች። መርጋቱን የምታውቀው እያንዳንዱን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ነው። ፊደል ስላልቆጠረች በየቢሮው የምትፈርመውም በዚያው ጣት ነው፤ ያኔ ግን ሰው እንዳያያት እጇን በነጠላዋ ትከልላለች።

ከጎረቤት አገር ጋር የንግድ ስምምነት ተፈረመ ሲባል እኔ «ለእኛ ምናችን ነው» ብዬ ሳቅሁ። በሁለቱ አገሮች የተሠራ ዕቃ ያለቀረጥ ያልፋል፣ ከሌላ የመጣ ግን ይከፍላል አሉ። አክስቴ የዋዛ አይደለችም፤ ከድንበሩ ማዶ ካለ ነጋዴ ጋር ተዋዋለች። ቀረጥ ከተጣለበት አልወስድም ብሏታል። እሱ ከቀረባት ደግሞ ቆርቆሮ ቤቷ መዘጋቷ ነው፤ የሰፈሩ ገዢ ተመናምኗል።

መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። ድንበሩን ተሻግረን የማዶው ኬላ ላይ ጉድ ፈላ። አክስቴ ሳሙናዋ ክብር እንዲያገኝ ብላ ከየሱቁ በለቀመችው ባለቀለም የባሕር ማዶ ካርቶን አሽጋዋለች። ሲያጌጡ ይመላለጡ!

«እናቴ፣ ይሄ የሩቅ አገር ዕቃ ነው» አለ የጉምሩክ ሠራተኛው።

«ልጄ፣ በገዛ እጄ የሠራሁት ነው!»

«በምን አውቃለሁ?»

አክስቴ ካርቶኑን ከፍታ አንድ ሳሙና አወጣችና አውራ ጣቷን ያኔ ስትጫነው ጎድጎድ ብሎ የቀረው ቦታ ላይ አሳረፈች። ልክክ አለ። ሰውዬው አላመነም፤ ራሱ ከሥር ከሥር እየመዘዘ ሰጣት። ሁሉም ልክክ! የራሱን ጣት ሞከረ፤ አልገባለትም።

«ዘይቱስ ከየት ነው?»

«ከእናንተው» ብላ ደረሰኙን ዘረጋች።

«እንግዲያው ምንም አይደል። በስምምነቱ መሠረት የእኛ ዘይት እናንተ ጋ ሲሠራበት እንደ እናንተው ይቆጠራል።»

ያ ዘይት በዚሁ በር ወጥቶ፣ በአክስቴ እጅ አልፎ፣ ሳሙና ሆኖ መመለሱ ነው። እኔ የሳቅሁበት የሁለት መንግሥታት ውል እኛ ጓሮ፣ አንድ በርሜል ውስጥ ሲማሰል ከርሟል። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም።

ሠራተኛው ቅጹን አቀረበላት። «እዚህ ላይ ይፈርሙ።» ከኋላችን ሹፌሮች ተሰልፈው ያዩናል። ነጠላዋን ልይዝላት ተጠጋሁ።

«ተወው» አለችኝ። እጅጌዋን ሰብስባ ጣቷን ቀለም ነከረችና፣ ሁሉም እያያት፣ ወረቀቱን እንደ ሳሙናዋ ጫን አደረገችው።