ከልኩ ዳር የተጻፈው

ልብስ ሰፊዋን እትዬ ሜትር የሚሏት መለኪያ ሜትሩ ከአንገቷ ስለማይወርድ ነው። አንዴ ሆስፒታል ሰው ልትጠይቅ እንዳንጠለጠለችው ብትገባ፣ በሽተኛው «ለሬሳ ሳጥን ልትለኪኝ መጣሽ እንዴ?» ብሎ አስቋታል። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያች ጠባብ ሱቅ ስትሰፋ የደንበኞቿን ልክ በአንድ ወፍራም ደብተር ትይዛለች። ከቁጥሩ ዳር ለራሷ ማስታወሻ ታክላለች፦ «ቀኝ ትከሻ ዝቅ ይላል»፣ «ቦርጭ ይደበቅ»።

ባለፈው ወር አንድ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ መጥቶ «የሰውን ልክ እያጠናን ነው፤ ቁጥሩን ብቻ» ብሎ ለመናት። ቁጥር ምን ምስጢር አለው ብላ ደብተሩን ሰጠችው፤ ገጹን ሁሉ በስልኩ አነሳ። ከሄደ በኋላ ስትገልጠው ዓይኗ ከአንዲት ጡረተኛ መምህርት ስም ላይ አረፈ፦ «ግራ ጡት የለም፤ በጥጥ ይሞላ።» ከሐኪማቸው በቀር ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ክው አለች። ዝም ብትል ማን ይነቃባታል? ግን ደንበኛዬን ባጣም ልጣ ብላ ቤታቸው ሄደች። ተቀመጪ ቢሏት እምቢ ብላ፣ ቆማ አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

የመምህርቷ እጅ ሳያውቁት ወደ ደረታቸው ሄደ።

«ማን አየው?»

«ያ ሰውዬ።»

«ለምን ሊያውለው?»

«እንጃ፤ መች ጠየቅሁ፣ እኔ ጅሏ!»

«በይ ተነሺ» አሉ ጫማቸውን እየፈለጉ።

«ቆሜያለሁ እኮ።»

ሳቃቸው አመለጣቸው።

ፋብሪካው ሲደርሱ ሰውየው «አይጨነቁ እናቴ፣ ለጥናት ነው» አለ።

«አልተጨነቅሁም፤ እየጠየቅሁ ነው። የራሴ ገላ ነው። ማን ዘንድ እንደሄደ ንገረኝ» አሉ፣ ክፍል ውስጥ የሚንሾካሾክ ተማሪ እንደያዙ ሁሉ አፍጥጠው።

አንገቱን እያከከ ኮምፒውተሩን አዞረላቸው። ገና ለማንም አልላከውም ነበር። የእሳቸውን ገጽ ዓይናቸው እያየ ከኮምፒውተሩም ከስልኩም አጠፋ። ሰፊዋም ደፈር ብላ «የሌሎቹስ?» አለች። እነሱንም አጠፋ። ከእንግዲህ የፈቀደ ሰው ልክ ብቻ፣ ያለ ስም ሊወስድ ተስማማ።

መንገድ ላይ ይቅርታዋን ልትደግም ስትል መምህርቷ ክንዷን ያዙ።

«ተይ አንቺ ልጅ። የሚያጠፋ ሰው ሞልቷል፤ ሳይነቃበት መጥቶ የሚናገር ግን የታለ? እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ለቀሩት ደንበኞችሽ ደውዪላቸው፤ እኔ አጠገብሽ እሆናለሁ።»

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሜትር ሱቋ ውስጥ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። መምህርቷ የማንንም ገጽ ላለማየት ጀርባቸውን ለደብተሩ ሰጥተዋል። ድምጿ በተንቀጠቀጠ ቁጥር፣ ዞር ሳይሉ፣ «ቀጥዪ የኔ ልጅ» ይሏታል።